ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ያለበት ሰፈር ቤት መግዛት ያዋጣል? በውስጡ የኖራችሁ ንገሩኝ

አዲስ ገዢ (ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ አንድ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ላይ ኦፈር አስገብተን ሻጩ ተቀብሎናል። ቤቱን ወደነዋል። ሦስት መኝታ አለው፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፣ ለባለቤቴም ሥራ ይመቻል። የቸገረን ኤችኦኤው ነው። ወርሃዊ ክፍያው 145 ዶላር ነው። ኤጀንታችን «አታስቡ፣ እዚህ አካባቢ የሌለው ሰፈር የለም» ይለናል። ጓደኞቻችን ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ «በረዶው ይጠረግልሻል፣ ሣሩ ይታጨድልሻል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ይላሉ። ግማሾቹ «በገዛ ቤትሽ ተከራይ ትሆኛለሽ» ይሉኛል።

እባካችሁ ከሰው የሰማችሁትን ሳይሆን ራሳችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ። የማይመለስ ውሳኔ ነው፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

በረንዳ

እህቴ፣ ከቻልሽ አትግቢ። እኔ አትላንታ አካባቢ እንዲህ ያለ ሰፈር ኖሬ ወጥቻለሁ። ከቤቴ ፊት ለፊት ባለችው ቁራሽ መሬት ጎመን ተከልኩ። የሚበላ ነገር ከፊት ለፊት አይተከልም የሚል ደብዳቤ መጣ፣ ቀጥሎ ቅጣት መጣ። እሺ፣ ደንብ ነው ብዬ ነቀልኩት። ግን ከእኔ ሁለት ቤት አልፎ አጥሩ ወድቆ የከረመ ሰው ነበር። ማንም አልጠየቀውም። የቦርዱ ሰዎች ወዳጅ ነበር።

ደንቡ ለሁሉም እኩል ቢሠራ ቅር አይለኝም ነበር። የሚያንገበግበው አድልዎው ነው። አሁን ያለሁበት ቤት አሮጌ ነው፣ ሣሩን ራሴ አጭዳለሁ፣ ቧንቧውን ራሴ አሠራለሁ። ግን የጓሮዬ ጌታ እኔ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ (ፌርፋክስ ካውንቲ)

«በረንዳ» የጠቀሰው አድልዎ እውነት ነው፣ አለ። ደብዳቤ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ቦርዱ የማያውቀው ሰው ነው። ይህን አልክድም። እኔ ግን ነገሩን ከሌላ በኩል ላሳይሽ። የሰፈራችን ቦርድ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ደሞዝ የለውም፣ ጎረቤቶች መርጠውኝ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ የምሠራው ነው።

ሰው ስለ ኤችኦኤ ሲያወራ የበር ቀለምና የቆሻሻ በርሜል ያነሳል። እሱ ያናድዳል። ቤተሰብ የሚጎዳው ግን ገንዘቡ ነው። ገንዘቡን ተመልከቺ።

በቨርጂኒያ የሰፈር መንገድ በአብዛኛው የሚጠግነው የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ብዙ የታውንሃውስ ሰፈር ውስጥ ግን መንገዱና ፓርኪንጉ የግል ነው። መሥሪያ ቤቱ እዚያ በረዶ አይጠርግም፣ ጉድጓድም አይደፍንም። የሚከፍለው ማኅበሩ ነው፤ ማለትም አንቺና ጎረቤቶችሽ። የጋራ መብራቱ፣ የልጆች መጫወቻው፣ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ኩሬ፣ ኢንሹራንሱ፣ ሁሉም እንደዚያው ነው። ያንን ኩሬ ማንም አያስበውም። ደለል ሲሞላ ማስጠረጉ ግን ከባድ ወጪ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 50 ቤት ያለው ሰፈር ነው እንበል። አስፋልቱንና የእግረኛ መንገዱን በየ20 ዓመቱ ማደስ 600,000 ዶላር ይፈጃል እንበል። በዓመት 30,000 መቀመጥ አለበት። ለ50 ቤት ሲካፈል በዓመት 600፣ በወር 50 ዶላር ይሆናል። ይህ ነው ሪዘርቭ የሚባለው። አሁን ቦርዱ ነዋሪው እንዳይቆጣ ብሎ ያቺን 50 ዶላር ባይሰበስብ አስፋልቱ ማርጀቱን አይተውም። ሃያኛው ዓመት ላይ በአንድ ቤት 12,000 ዶላር ሆኖ ይመጣል። ይህ ደግሞ ስፔሻል አሰስመንት ይባላል። መሐል ላይ ሸጦ የሄደው ሰው ነፃ ወጥቷል። የሚከፍለው በዚያ ዓመት ቁልፍ የያዘው ነው።

ስለዚህ ክፍያው ዝቅተኛ ነው ሲሉሽ ቶሎ አትደሰቺ። ለምን ዝቅ አለ ብለሽ ጠይቂ። በተለይ አዲስ ሰፈር ከሆነና ገንቢው ድርጅት ገና ቦርዱን ይዞ ከሆነ ተጠንቀቂ። ቤት ለመሸጥ ሲሉ ክፍያውን አሳንሰው ያሳያሉ፣ ሰፈሩን ለነዋሪው አስረክበው ሲሄዱ ክፍያው ይዘላል።

ሻጩ የሪሴል ሰርተፊኬት የሚባል፣ ስለ ማኅበሩ የሚናገር የሰነድ ጥቅል ሊሰጥሽ ይገባል። ደረሰሽ?

አዲስ ገዢ

አልደረሰንም። ኤጀንቱ «እየመጣ ነው» ይላል። ሲደርሰን ምን ላይ እንይ? ገጹ ብዙ ነው ብለውኛል።

ገንዘብ ያዥ

አዎ፣ ብዙ ነው። ከኋላ ጀምሪ። መጀመሪያ የሪዘርቭ ጥናቱን አንብቢ። በቨርጂኒያ ሕግ ማኅበሩ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ማስጠናት አለበት። ሜሪላንድም ከ2022 ጀምሮ በመላው ስቴት እንዲህ አድርጋለች። ጥናቱ ምን ያህል መኖር እንዳለበትና ምን ያህል እንዳለ ጎን ለጎን ያሳይሻል። ቀጥለሽ በጀቱን እይ። ከዚያ ስንት ሰው ክፍያ እንዳልከፈለና ማኅበሩ ላይ ክስ እንዳለ ተመልከቺ። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ካገኘሽ እሱን አንብቢ፤ ሰፈሩ የሚጣላው በምን እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው። የደንቡን መጽሐፍ በመጨረሻ አንብቢው።

ቀኑን ግን ልብ በይ። በቨርጂኒያ ሰርተፊኬቱ ከደረሰሽ በኋላ ያለ ምንም ቅጣት ውሉን ለመሰረዝ 3 ቀን አለሽ። ውላችሁ ላይ እስከ 7 ቀን ሊራዘም ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ለኤችኦኤ 5 ቀን፣ ለኮንዶ (በጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለ ቤት) 7 ቀን ነው። ይህን መብት ኤጀንት ሁሉ አይነግርሽም።

ባለ ትራክ (ዳላስ)

ደንቡን በመጨረሻ ያልከው ላይ አልስማማም ወንድሜ። ለአንተ የበር ቀለም ነው፣ ለእኔ እንጀራዬ ነው። ቦክስ ትራክ ነው የምነዳው። ብዙ ሰፈር የንግድ መኪና በድራይቭዌይ ላይ ማሳደር ይከለክላል። አንዳንዱ ጎኑ ላይ የድርጅት ስም የተጻፈበትን ቫን እንኳ አያሳድርም። ጓደኛዬ ቤት ገዝቶ ከገባ በኋላ ነው ያወቀው። አሁን ለትራኩ ማቆሚያ በየወሩ ለብቻው ይከፍላል፣ ሌሊት ሄዶ አንስቶ ነው ሥራ የሚገባው። ለእሱ ያ ወጪ ሁለተኛ ኤችኦኤ ማለት ነው።

እህቴ፣ ባለቤትሽ የሚነዳው የሥራ መኪና ከሆነ የፓርኪንጉን ገጽ ከሁሉም በፊት ክፈቺው። የእንግዳ ፓርኪንግንም እይ። ለቅሶ ወይም ክርስትና ሲኖር ሰው በምን ይመጣል? ፈቃድ የሌለውን መኪና ሌሊት በቶው የሚያስነሱ ሰፈሮች አሉ። እንግዳ ጠርቶ መኪናው ሲጎተትበት እንደማየት የሚያሳፍር ነገር የለም።

ገንዘብ ያዥ

እውነትህን ነው። ከሥራ ጋር የተያያዘ ደንብ ካለ እሱ ይቀድማል። ተምሬያለሁ።

ኮንዶ 4ኛ ፎቅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እናንተ የምታወሩት ስለ ታውንሃውስ ነው። ኮንዶ ለሚያስቡ ደግሞ እኔ ልናገር። እዚህ ጣሪያው፣ ሊፍቱ፣ ቧንቧው፣ ግድግዳው ሁሉ የጋራ ነው። ማኅበሩ ከደከመ ሕንፃው ይደክማል። እኛ ሊፍት ለመቀየር የተጠየቅነው ገንዘብ ብዙ ጡረተኛ ጎረቤቶቼን አስለቅሷል። ቦርዱ ለዓመታት ክፍያ አልጨምርም ብሎ ሲጨበጨብለት የነበረ ነው።

ሰርፍሳይድ የሆነውን አስታውሱ። ፍሎሪዳ፣ ጁን 24፣ 2021። ቻምፕሌን ታወርስ ሳውዝ የሚባል ባለ 12 ፎቅ ኮንዶ ሌሊት ተደርምሶ 98 ሰው ሞተ። በ2018 መሐንዲስ መርምሮ ከመዋኛው ሥር ያለው ኮንክሪት ክፉኛ መጎዳቱን ጽፎ ነበር። ባለቤቶቹ በወጪው ላይ ሲከራከሩ ጊዜው ሄደ። ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ አሰስመንት የጸደቀው ሕንፃው ከመውደቁ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ፍሎሪዳ ሕጓን አጥብቃለች። ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆነ ኮንዶ ሲያረጅ በመሐንዲስ ይመረመራል፣ ለዋና ዋና የሕንፃው ክፍሎችም መጠባበቂያ ማስቀመጥ ግዴታ ሆኗል።

ይህን የምጽፈው ላስፈራራ አይደለም። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ክፍያው ይጨመር» ስል ጎረቤቶቼ ጠላት ያደርጉኛል። ለእኔ ግን ልጆቼ የሚተኙበት ሕንፃ ነው።

ብድር ክፍል

በሞርጌጅ (የቤት ብድር) ሥራ ላይ ስለሆንኩ ሰው የማያየውን አንድ ነገር ልጨምር። ባንኩ የምትበደሩትን ሲያሰላ የኤችኦኤ ክፍያውን ከወርሃዊ ዕዳችሁ ጋር ይደምረዋል። በ7 ከመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት ብድር፣ በወር 400 ዶላር ወደ 60,000 ዶላር ብድር ይከፍላል። ስለዚህ 400 ዶላር ክፍያ ያለው ኮንዶና ክፍያ የሌለው ቤት ዋጋቸው እኩል ቢሆን እንኳ እኩል አይደሉም። ሞርጌጁ በ30 ዓመት ያልቃል፣ የኤችኦኤው ክፍያ ግን አያልቅም። ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሞርጌጁ ጋር አብሮ አይቆረጥም። ለብቻው ነው የሚከፈለው። ሰው ባንኩ የከፈለለት መስሎት ውዝፍ ውስጥ ይገባል።

ታክስን በተመለከተ፣ የምትኖሩበት ቤት ከሆነ የኤችኦኤው ክፍያ ታክስ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ አይቀነስም። ለኪራይ የሰጣችሁት ቤት ከሆነ ግን እንደ ወጪ ይያዛል።

ኢንሹራንስም አለ። የኮንዶ ማኅበሩ ኢንሹራንስ ሕንፃውን ነው የሚሸፍነው፣ የውስጥ ዕቃችሁን አይደለም። የራሳችሁን ስትገዙ ሎስ አሰስመንት የሚለው ሽፋን እንዲገባበት ጠይቁ። ማኅበሩ በደረሰ አደጋ ምክንያት በባለቤቶች ላይ ገንዘብ ሲጥል ከፊሉን ሊከፍል ይችላል፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ለእርጅና እድሳት ግን አያገለግልም።

ሳተላይት

ይቅርታ ከርዕሱ ልወጣ። የሀገር ቤት ቴሌቪዥን የምናይበትን ዲሽ አውርድ ብለውኛል። መብቱ አላቸው?

ገንዘብ ያዥ

አልወጣህም፣ ዋና ጉዳይ ነው። ከ1996 ጀምሮ የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን ደንብ አለ። ስፋቱ ከ1 ሜትር ያልበለጠ ዲሽ፣ አንተ ብቻ በምትጠቀምበት ቦታ ላይ ከተተከለ፣ ማኅበሩ ሊከለክልህ አይችልም። የራስህ ጣሪያ፣ የራስህ በረንዳ፣ የራስህ ጓሮ ማለት ነው። የደኅንነት ምክንያት ካለ ሌላ ነው። የኮንዶ የጋራ ጣሪያ ወይም የጋራ ግድግዳ ላይ ከሆነ ግን ደንቡ አያግዝህም። ደንቡን ጠቅሰህ በጽሑፍ መልስላቸው።

ሮኪ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

እዚህ ክር ውስጥ ያልተነሳ ነገር አለ። ክፍያ ካልተከፈለ ምን ይሆናል? ማኅበሩ ቤቱ ላይ ሊን (የዕዳ መያዣ) ያስመዘግባል። ከዚያ ሳትከፍሉ መሸጥም ሪፋይናንስ ማድረግም (ብድሩን በአዲስ ብድር መተካትም) ይቸግራል። ከባሰ ፎርክሎዠር፣ ማለትም ቤቱን ለዕዳ ማስሸጥ፣ አለ። አዎ፣ ሞርጌጅህን በወሩ እየከፈልክም በኤችኦኤ ዕዳ ቤት ሊሸጥብህ ይችላል። ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም።

የሚያበሳጨው ዕዳው አድጎ የሚመጣበት መንገድ ነው። ትንሽ ቅጣት ነበረች። የዘገየበት ተጨመረ። ጠበቃ ደብዳቤ ጻፈ፣ የጠበቃው ተጨመረ። ከዋናው የጠበቃው ይበልጣል። ኮሎራዶ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በዚህ መንገድ ከተጎዳ በኋላ በ2022 ሕጉ ተቀየረ። ቅጣት ተገደበ፣ በቅጣት ብቻ የመጣ ዕዳም ቤት ማስሸጥ ቀረ። ቴክሳስም በቅጣት ብቻ ፎርክሎዠር አትፈቅድም። ኔቫዳ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ እስከ 9 ወር ያለው የመደበኛ ክፍያ ውዝፍ ከባንኩ ሞርጌጅ እንኳ ቀድሞ ይቆማል። ቬጋስ ያላችሁ ወገኖች ይህን ዕወቁ።

የተጣላችሁበትን ቅጣት ተከራከሩ፣ መደበኛውን ወርሃዊ ክፍያ ግን በቁጣ አታቁሙ። ያኔ ነው እጃቸው ላይ የምትወድቁት።

ገንዘብ ያዥ

ሮኪ በደንብ አስቀምጦታል። ለቨርጂኒያ ሰዎች ልጨምር። ደንቡ ሥልጣን ቢሰጠውም ማኅበሩ ሳያናግርሽ መቅጣት አይችልም። ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ አስታውቆ ቀርበሽ እንድትናገሪ ዕድል መስጠት አለበት። ቅጣቱም ለአንድ ጊዜ ጥፋት እስከ 50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን እስከ 10 ዶላር ነው፣ ከ90 ቀን አያልፍም። እንግሊዝኛዬ አይመጥንም ብላችሁ አትቅሩ። ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በእኛ ቦርድ ቀርቦ ካስረዳ ሰው ይልቅ ዝም ያለ ሰው ነው የሚቀጣው።

የቆየሁ

ልጆች፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። እዚህ አገር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ኤችኦኤ ባለበትም በሌለበትም ኖሬአለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። እነዚህ የሰፈር ውሎች መነሻቸው ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በድሮ ውሎች ውስጥ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚል አንቀጽ ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሼሊ ከክሬመር በተባለው ጉዳይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም አይችልም አለ። በ1968 ደግሞ የፌር ሃውሲንግ ሕግ መጣ። አሮጌ ወረቀት ላይ አሁንም ቃሉ ሊገኝ ይችላል፣ ኃይል ግን የለውም። ይህን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ? ያንን ደንብ ያጠፉት ተሰብስበው የተከራከሩ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቻችሁ «እነሱ» እያላችሁ ታወራላችሁ። እነሱ ማናቸው? ድምፅ የሰጡ ጎረቤቶች ናቸው።

የእኛ ሰው ለእድር ስብሰባ ዝናብ አያግደውም፣ የኤችኦኤ ዓመታዊ ስብሰባ ሲጠራ ግን ወረቀቱን ከማስታወቂያ ጋር ይጥለዋል። ከእድር መውጣት ይቻላል። ከዚህ የምትወጡት ቤት ሸጣችሁ ነው። ታዲያ የትኛው ስብሰባ ነው ይበልጥ የሚያሳስበው? ብዙ ሰፈር ውስጥ ምልዓተ ጉባኤ ስለማይሞላ ያው ቦርድ ለዓመታት ይቀመጣል። መሄድ ካልቻላችሁ ፕሮክሲ (የድምፅ ውክልና) ፈርማችሁ ለምታምኑት ጎረቤት ስጡ። በእኔ ሰፈር የእኛ ልጆች አምስት ሆነው መጥተው የእንግዳ ፓርኪንጉን ደንብ በአንድ ማታ አስቀይረዋል። አይቻለሁ።

በረንዳ

ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው፣ አከብርዎታለሁ። ግን ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ማታ ስብሰባ ከየት ያመጣል? ጊዜ ያለው ሰው ነው ቦርድ የሚይዘው። ጊዜ የሌለው ይቀጣል። ይህ አልተፈታም። እኔ አሁንም ኤችኦኤ የሌለበት ቤት እመርጣለሁ፣ ምክንያቴም ይኸው ነው።

የቆየሁ

ልክ ነህ ልጄ፣ አልተፈታም። ስብሰባውን በኢንተርኔት የሚያደርጉ እየበዙ ነው። እሱ ትንሽ አግዟል።

ባለ ቤዝመንት

አዲስ ገዢ፣ ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) አከራይተሽ ሞርጌጁን ለማገዝ አስበሽ ከሆነ ሁለት ቦታ ጠይቂ። ካውንቲው አንድ ነው፣ ኤችኦኤው ሌላ ነው። ካውንቲው ፈቅዶ ኤችኦኤው ሊከለክል ይችላል። አንዳንዱ ከአንድ ዓመት በታች ኪራይ አይፈቅድም፣ አንዳንዱ በሰፈሩ የሚከራየውን ቤት ብዛት ይገድባል። ነገ ሥራ ቀይራችሁ ሌላ ስቴት ብትሄዱና ቤቱን ማከራየት ብትፈልጉም ያው ነው፣ ወረፋ ጠብቁ ሊሏችሁ ይችላሉ። ቤታችሁ ውስጥ የልጆች ቀን መዋያ ለመክፈት የምታስቡ እናቶችም ይህንኑ አጣሩ።

አዲስ ገዢ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰነዱ ትናንት ማታ በኢሜይል መጣ። ልጆቹን አስተኝተን አብረን አነበብነው። የፓርኪንጉ ደንብ ለእኛ አይከብድም፣ ባለቤቴ የሚነዳው ተራ መኪና ነው። ቤዝመንት ማከራየት ግን ተከልክሏል። እሱን አስበንበት ነበር፣ ቀርቷል።

አሁን ገንዘቡ። ሰፈሩ 84 ቤት ነው። ጥናቱ ዘንድሮ 310,000 ዶላር ሊኖር ይገባል ይላል። ያለው 118,000 ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ በሚቀጥለው ዓመት አስፋልቱን ስለ ማደስ ተነጋግረዋል፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን አልተጻፈም። መሰረዝ የምንችለው እስከ ሐሙስ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?

ገንዘብ ያዥ

ከሚገባው 38 ከመቶ ነው ያለው። ዝቅተኛ ነው፣ ግን ከዚህ የባሰ አይቻለሁ። ክፍተቱ 192,000 ነው። ለ84 ቤት ሲካፈል በቤት ወደ 2,300 ዶላር ይሆናል። ቤቱን ካልጠላችሁት በዚህ ብቻ አልሸሽም። ግን ዝም ብዬም አልፈርምም።

ዛሬውኑ ሰፈሩን ለሚያስተዳድረው ማኔጅመንት ካምፓኒ ሁለት ጥያቄ ጻፉ። አስፋልቱ ስንት ይፈጃል? ከሪዘርቭ ነው፣ ከብድር ነው፣ ወይስ ከአሰስመንት? መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ በስልክ የነገሯችሁ አይጠቅምም። ለኤጀንታችሁ ደግሞ ይህን ቁጥር አሳዩትና ሻጩ በክሎዚንግ (ሽያጩ ተፈርሞ በሚያልቅበት) ጊዜ 2,300 ዶላር ክሬዲት (ተቀናሽ) እንዲሰጥ ይጠይቅላችሁ። ከክሎዚንግ በፊት የጸደቀ አሰስመንት ካለ ሻጩ ይክፈል የሚል ሐረግም በውሉ ይግባ። ረቡዕ ማታ ድረስ ካልመለሱ የ3 ቀኑ ጊዜ እንዲራዘም በፊርማ ተስማሙ። እምቢ ካሉና እናንተም ልባችሁ ካልረጋ ስረዛው በጽሑፍ ሐሙስ ከማለቁ በፊት መድረስ አለበት። የላካችሁበትን ሰዓት የሚያሳይ ማስረጃ አስቀሩ።

ባለ ትራክ

2,300ውን ካልሰጠ እንኳ ግማሹን ይሰጣል። ሻጭ ክሎዚንግ ሲደርስ ይለሰልሳል። አትፍሪ፣ ጠይቂ።

አዲስ ገዢ

ለማኔጅመንቱ ጽፌያለሁ፣ ለኤጀንቱም ቁጥሩን ልኬለታለሁ። «ማንም ገዢ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ። ሻጩ የሚለውን ረቡዕ እዚሁ እጽፋለሁ።